የማይጮኽ ክላክስ ምን ይመሰክራል?

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን ገብርኤል ወይም ራቅ ብሎ ወደ ደጋ እስጢፋኖስ ሰው ከሚያመላልሱት ጀልባዎች ብዙዎቹ የሚገፉት ከኋላቸው በተንጠለጠለ የቤንዚን ሞተር ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ዕድሜው ሲገፋ ከፒስተኑና ከማርሹ ቀድመው የሚደክሙት ብዙ ጊዜ ጌጆቹና ማስጠንቀቂያ መብራቶቹ ናቸው። ፀሐይ ፕላስቲኩን ታደርቀዋለች፣ እርጥበት መሰኪያዎቹን ያዝጋል፣ ንዝረት ሽቦውን ይበጥሳል። ሞተሩ ግን መሥራቱን ስለማያቆም ማንም አይቸኩልም። የሚከተለው ምልልስ እንዲህ ያለ ዳሽቦርድ ያለው ባለጀልባና አንድ የጀልባ ሞተር መካኒክ ቢገናኙ ሊከራከሩ የሚችሉትን አስቤ ያሰናዳሁት ነው። እኔ የማደላው ለመካኒኩ ነው። ባለጀልባው ሁለት ቦታ ላይ እንዳሸነፈው ግን አልሸሽግም።

ባለጀልባው፦ ጋሼ፣ ነገሩን ላሳጥርልዎ። የዙር ቆጣሪው መርፌ አንዴ ይዘላል፣ አንዴ ይተኛል። የነዳጁ ጌጅ ታንኩ ባዶ ሲሆን «ሙሉ»፣ ሙሉ ሲሆን «ባዶ» ነው የሚለው። የሙቀቱ መብራት በርቶ አያውቅም፤ እሱስ ደህና ነው። ሙሉ ዳሽቦርዱ ከነጌጁ በአንድ ዋጋ ይሸጣል። አሮጌውን ነቅለን አዲሱን ብንገጥም አንገላገልም?

መካኒኩ፦ አንገላገልም። ጌጅ ራሱ ምንም አይለካም፤ ሞተሩ የላከለትን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ መርፌ ያንቀሳቅሳል እንጂ። የሚለካው ሞተሩ ላይ ያለው ሴንሰር ነው። ከሴንሰሩ ሽቦ ይነሳል፣ ሽቦው ሁለትና ሦስት መሰኪያ አልፎ ዳሽቦርዱ ጋ ይደርሳል፣ ከዚያም በማሳ (ግራውንድ) ሽቦው በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። አንተ የምታየው የዚህን ሁሉ መንገድ መጨረሻ ነው። የዙር ቆጣሪውን እንውሰድ። በጀልባ ሞተር ላይ ምልክቱ የሚመጣው ፍላይዊሉ ሥር ካለው፣ ባትሪ ቻርጅ ከሚያደርገው መጠምጠሚያ ነው። መጠምጠሚያው የሚያወጣውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሬክቲፋየሩ ወደ ባትሪ የሚገባ አድርጎ ያቀናዋል፤ ቆጣሪው ደግሞ ሬክቲፋየሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ያለውን ምት ይቆጥራል። ከሬክቲፋየሩ ዳዮዶች አንዱ ሲቃጠል ምቱ ይዛባል፣ ወይም ጨርሶ ወደ ማሳ ይወርዳል። ያኔ መርፌው ይዘላል ወይም ይተኛል። እንግዲህ ያንተ ቆጣሪ ተበላሽቷል የምትለው ምናልባት እውነቱን እየተናገረ ነው፤ የሚናገረው ግን ስለ ዙር ሳይሆን ስለ ቻርጅ ነው። አዲስ ገዝተህ ብትገጥም እሱም ይዘላል። ባትሪህ ደግሞ ሐይቁ መሐል ይሞትብሃል።

ባለጀልባው፦ ይህንን ሳልገዛ እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

መካኒኩ፦ በቴስተር። ሞተሩ ሳይነሳ በደንብ የተሞላ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሩን አስነስተህ ዙሩን ከፍ ስታደርግ ወደ 13.5 ወይም 14.5 ካልወጣ፣ ችግሩ ዳሽቦርዱ ላይ አይደለም። ከ15 በላይ ከወጣም ሌላ ነገር ነው፤ በድሮዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ሬክቲፋየር እንጂ ቮልቴጅ የሚገድብ ዕቃ አልነበረባቸውም። ባትሪው ሲሞላ ወይም የባትሪው ገመድ ሲላላ ቮልቴጁ ያለ ልጓም ይወጣና አምፖሉንም ቆጣሪውንም ያቃጥላል። አምፖል በየጊዜው እየቀየረ «ዕቃው ጥራት የለውም» የሚል ሰው ይህንን ቢለካ ወጪው ይቀርለት ነበር። ቮልቴጁ ደህና ሆኖ መርፌው አሁንም ከተዛባ ብቻ ነው ወደ ቆጣሪው የምንሄደው። ያን ጊዜም አዲሱ ቆጣሪ ከጀርባው የምሰሶ ቁጥር መምረጫ እንዳለው አትርሳ። መጠምጠሚያው 12 ምሰሶ ከሆነ በአንድ ዙር 6 ምት ይልካል። መምረጫውን 6 ምሰሶ ላይ ትተህ ከገጠምኸው 3,000 ዙር የሚሄደውን ሞተር 6,000 ብሎ ይነግርሃል። ዝም ያለ ቆጣሪ ቢያንስ አያታልልም፤ እንዲህ ያለውን ግን አምነህ ሞተሩን ታፍነዋለህ።

ባለጀልባው፦ እንግዲያውስ ቆጣሪው ምን ያደርግልኛል? ከዚያ ሞተር ጋር የዋለ ሰው ዙሩን በጆሮው ያውቀዋል። ፍላይዊል ሲጮኽ፣ ሲከብደው፣ ፕሮፔለሩ አየር ሲይዝ ሁሉም የራሱ ድምፅ አለው።

መካኒኩ፦ ጆሮ ለውጥ ይይዛል፤ በዚህ እስማማለሁ። ጆሮ የማይይዘው ቁጥር ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ እንዲህ ያለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ የሚጠጋ ጉልበት ያጣል፤ ስለዚህ 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠልህ እዚህ ሲደርስ 33 አካባቢ ነው። ፕሮፔለሩ ግን ተመርጦ የመጣው ለባሕር ዳርቻ ነው። እጅህን እስከ መጨረሻው ብትሰጠው እንኳ ፋብሪካው የወሰነው ዙር ላይ አይደርስም። ለብዙ ባለ 40 ሁለት ምት ሞተሮች ያ ወሰን ከ4,500 እስከ 5,500 ነው። ከዚያ በታች ታፍኖ የሚውል ሞተር ካርቦን ያጠራቅማል፣ ይሞቃል፣ ቤንዚን ይበላል። መፍትሔው የፕሮፔለሩን ፒች፣ ማለትም በአንድ ዙር የሚሄደውን ርቀት፣ ዝቅ ማድረግ ነው፤ አንድ ኢንች ዝቅ ስታደርግ ከ150 እስከ 200 ዙር ታገኛለህ። ይህንን ሒሳብ በጆሮ መሥራት አይቻልም፤ 4,200 እና 4,600 ለጆሮ አንድ ናቸው።

ባለጀልባው፦ ይሁን። ግን ፕሮፔለር የሚመረጠው አንድ ቀን ነው። ለአንድ ቀን ሥራ ቆጣሪ ከጓደኛ ተውሼ ለክቼ ብመልስስ?

መካኒኩ፦ በዚህ ረታኸኝ። ለማስተካከያ የሚሆን ቆጣሪ መዋስ ይበቃል። ሁሌ የሚሠራ ቢኖርህ ጥሩ ነው፤ ከሌለህ ግን የምትሞትበት ነገር አይደለም። ለዚህም ነው ሙሉ ዳሽቦርድ አትግዛ የምልህ፤ ገንዘብህ በብዛት የሚያልቀው በጣም በማያስፈልግህ ዕቃ ላይ ነው። አንተ ደህና ነው ብለህ ያለፍኸው ግን አለ። የሙቀቱ መብራት በርቶ አያውቅም አልህ።

ባለጀልባው፦ አዎ፤ ሞተሩ ሞቆ ስለማያውቅ ነዋ።

መካኒኩ፦ የክርክሬ ሁሉ መነሻ ይህ ነው። የሙቀት ማስጠንቀቂያው የሚሠራው ቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) ላይ በተሰካች ትንሽ ማብሪያ ነው። ሞተሩ ደህና ሲሆን ማብሪያዋ ክፍት ናት፤ በሽቦው የሚያልፍ ኤሌክትሪክ የለም። እንደ ሞዴሉ ከ80ዎቹ አጋማሽ እስከ 90ዎቹ አጋማሽ ባለ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ውስጧ ያለው ብረት ይጎብጥና ሽቦውን ከማሳ ጋር ያገናኘዋል፤ ያኔ ክላክሱ ይጮኻል፣ መብራቱ ይበራል። እንግዲህ ሽቦው ተበጥሶ ከሆነስ? ኤሌክትሪክ አያልፍም፤ ጸጥ። መሰኪያው ዝጎ ከሆነስ? ጸጥ። አምፖሉ ተቃጥሎ፣ ክላክሱ ውሃ ገብቶበት፣ ማብሪያዋ ራሷ ሞታ ቢሆንስ? ያው ጸጥ። ጤነኛው ሞተርና ማስጠንቀቂያው የሞተበት ሞተር አሽከርካሪው ፊት ልዩነት የላቸውም። የነዳጅ ጌጅ ሲበላሽ ታንኩን አይተህ መርፌው እንደዋሸህ ታውቃለህ፤ ሲበላሽ ራሱን ያጋልጣል። ይኸኛው ግን ሲበላሽ ጤነኛ መስሎ ይበላሻል። ስለዚህ በርቶ አያውቅም ማለት ለሞተሩ ጤንነት ማስረጃ አይሆንም፤ ማስጠንቀቂያው ይሠራ እንደሆነ ሳይፈተሽ መኖሩን ብቻ ነው የሚነግረን።

ባለጀልባው፦ እንዴት ይፈተሻል? ሞተር አሙቄ ልሞክር?

መካኒኩ፦ በጭራሽ። ቁልፉን ክፈት፣ ሞተሩን አታስነሳ። ክዳኑን አንስተህ ቴስታታው ላይ ካለችው ማብሪያ የሚመጣውን ሽቦ፣ በያማሃ ሮዝ ነው፣ ከመሰኪያው አላቅቀህ ጫፉን ባዶ የሞተር ብረት አስነካው። ክላክሱ ከጮኸና መብራቱ ከበራ ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ ሁሉ ደህና ነው። ካልጮኸ፣ ዳሽቦርዱ ጋ ያለውን የሽቦውን ሌላ ጫፍ ማሳ አስነካ። እዚያ ከጮኸ ሽቦው መሐል ላይ ተበጥሷል፤ እዚያም ካልጮኸ ወይ ክላክሱ ነው፣ ወይ የሚመግበው ኤሌክትሪክ። የሚቀረው ማብሪያዋ ናት፤ እሷን አውጥተህ በቴስተር እየለካህ ታሞቃታለህ። መጽሐፉ በውሃ ድስት ውስጥ አድርጋት ይልሃል፤ የተጻፈው ግን ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ነው። በኛ ከፍታ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፣ ከዚያ በላይ አይወጣም። በ95 እንድትዘጋ የተሠራች ማብሪያ ውሃው እየተንተከተከ እንኳ ላትዘጋ ትችላለች፤ ደህናዋን ዕቃ ሞታለች ብለህ ትጥላለህ። በዘይት ውስጥ፣ ከቴርሞሜትር ጋር ሞክራት።

ባለጀልባው፦ ይህ ሁሉ ለምን? ሞተሩ ከኋላው ውሃ ይተፋል። የሚተፋውን ውሃ እያየሁ ሞቀ አልሞቀ ብዬ የምጨነቅበት ምክንያት የለም። ጣና ላይ የሚነዳ ሁሉ በዚያ ነው የሚተማመነው።

መካኒኩ፦ የሚተፋው ውሃ አንድ ነገር ይመሰክራል፦ ፖምፓው ውሃ እየሳበ መሆኑን። ያ ውሃ ቴስታታውን ዞሮ ሙቀቱን ይዞ መውጣቱን ግን በብዙ ሞተሮች ላይ አይመሰክርም፤ ቀጭኗ ቱቦ ከዋናው መንገድ የምትገነጠለው ቀደም ብሎ ሊሆን ይችላል። ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቢጣበቅ፣ የቴስታታው የውሃ መንገድ በደለል ቢደፈን፣ ውሃው መተፋቱን ላያቆም ይችላል። በተቃራኒውም ቀዳዳዋ በአሸዋ ቅንጣት ትደፈንና ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ያስደነግጥሃል። ደግሞ እምቦጭን አስብ። ጣና ላይ መኖሩ ከታወቀበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሐይቁን ዳር ያልለቀቀ አረም ነው። ሥሩና ቅጠሉ ከታች ያለውን የውሃ መሳቢያ ወንፊት ሲሸፍን ውሃው ይቀንሳል እንጂ ወዲያው አይቆምም። ቀጭን ሆኖ የሚተፋ ውሃ ከሰዓት በኋላ ማዕበል ሲነሳ፣ አንተ ፊትህን ወደ ፊት አድርገህ ስትነዳ ማን ያየዋል? ዓይንህ ካልዞረ የማታየው ምልክት ጥሩ ረዳት ነው፣ ዋና ጠባቂ ግን አይሆንም። የክላክስ ጥቅሙ አንተ ሳትፈልገው እሱ ሊፈልግህ መምጣቱ ነው። መርፌዎቹን ትቼ ክላክሱን የማስቀድመውም ለዚህ ነው።

ባለጀልባው፦ ክላክሱ ሊፈልገኝ የሚመጣው በከንቱ ቢሆንስ? ሞተሩ ሳይሞቅ የሚጮኽባቸው ጀልባዎች አሉ። ቱሪስቱ ይደነግጣል፣ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ያቅፋሉ፣ ጉዞው ይበላሻል። እንዲህ ሲሆን ሽቦውን መቁረጥ ምን ነውር አለው?

መካኒኩ፦ ነውሩ በከንቱ የሚጮኽ ክላክስም ምክንያት ያለው መሆኑ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ቶሎ ይገኛል። የማብሪያዋን ሽቦ አላቅቅ። ጩኸቱ ካላቆመ ሽቦው የሆነ ቦታ ልባሱ ተልጦ ብረት እየነካ ነው፣ ወይም የሚያስጮኸው ሌላ መስመር ነው። ካቆመ ደግሞ ወይ ማብሪያዋ ተበላሽታለች፣ ወይ ሞተሩ በእውነት ሞቋል። ከሩቅ በሚለካ ቴርሞሜትር ቴስታታውን ለካ፤ 60 ዲግሪ ላይ ሆኖ ከጮኸ ማብሪያዋን ቀይር። ሌላ መስመር ያልሁት ዘይቱን ነው። ዘይት በራሱ የሚቀላቅል ሁለት ምት ሞተር የዘይት ታንኩ ውስጥ ተንሳፋፊ አለው፤ በብዙዎቹ ላይ ዘይቱም ሙቀቱም የሚጠቀሙት አንድ ክላክስ ነው። የዘይት ፖምፓውን አውጥተው፣ ዘይቱን እንደ ሞተሩ መመሪያ፣ በብዙዎቹ አንድ ለ50፣ በእጃቸው ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቅሉ ብዙ ናቸው። እሱ በራሱ ክፉ አይደለም። ክፋቱ የተንሳፋፊውን ሽቦ ለይቶ ማግለል ሲገባ ጥቅሉን በአንድ መቁረጫ መቁረጥ ነው፤ ከዘይቱ ጋር የሙቀቱም ጠባቂ አብሮ ይሄዳል። ያንን ያደረገ ሰው ሞተሩ ሲሞቅ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሞተሮች ሲሞቁ ራሳቸውን ለማዳን ዙራቸውን ይቀንሳሉ፤ ወደ 2,000 ወይም 2,500 ይወርዳሉ። ክላክሱን የቆረጠው ሰው ቤንዚን አልደረሰውም ብሎ ያስባል፣ ጋዝ ይጨምራል፣ የቤንዚን ፓምፑን ይጨምቃል። ሞተሩ ቀስ በል እያለው እሱ ይጋልበዋል፤ አሉሚኒየሙ ፒስተን ያብጥና ሲሊንደሩን ይፍቃል። የቱሪስቱ ድንጋጤ ያሳስብሃል፣ ይገባኛል። ሐይቁ መሐል ነፋስ ላይ ሞተር ደርቆበት የተቀመጠ ቱሪስት የበለጠ ይደነግጣል።

ባለጀልባው፦ የነዳጁን ጌጅ ግን እኔ ራሴ ገዝቼ ቀይሬዋለሁ። ተገልብጦ ነው የሚያነበው።

መካኒኩ፦ እሱ ቀላል ነው። ሁለት ዓይነት ሥርዓት አለ። የአሜሪካው ሴንሰር ባዶ ሲሆን 240 ኦም፣ ሙሉ ሲሆን 33 ነው። የአውሮፓው ባዶ ሲሆን 10፣ ሙሉ ሲሆን 180። የአንዱን ጌጅ ከሌላው ሴንሰር ጋር ካገናኘህ ይገለበጣል። ሴንሰሩን ለክተህ የሚስማማውን ግዛ። ወይም ተወው፤ ታንኩን በእንጨት መለካት አሁንም ይሠራል።

ባለጀልባው፦ እንዲህ አንድ በአንድ ስናወጣው ድካሙ ይበዛል። አሁን የመጡት ዲጂታል ስክሪኖች ሁሉን በአንድ ያሳያሉ ይባላል። በአሮጌ ጌጅ ላይ ጊዜ ከማጥፋት ለምን ወደዚያ አንሻገርም?

መካኒኩ፦ ስክሪኑ የሚያሳየው አዲሱ ሞተር በኮምፒውተሩ በኩል የሚልክለትን ነው። ያንተ ሞተር ኮምፒውተር የለውም፤ የሚልከው ምትና ኦም ብቻ ነው። መካከላቸው አስተርጓሚ መሣሪያ ካልገባ ስክሪኑ ባዶ ሆኖ ይበራል። ቮልቴጁ ያልተገደበ ሞተር ላይ ደግሞ ከአምፖል ቀድሞ የሚቃጠለው ኤሌክትሮኒክሱ ነው። ከሁሉ በላይ ስክሪኑም የሙቀቱን ወሬ የሚሰማው በዚያችው ማብሪያና በዚያው ዝገት በነካው ሽቦ በኩል ነው፤ ሽቦው ካልተጠገነ ብርሃን የጨመረ ዝምታ ገዛህ ማለት ነው። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጆንሰንና የኤቪንሩድ ሞተሮች አንዳንዶቹ ቁልፍ ሲከፈት ክላክሱን ለአፍታ አስጩኸው አራት የማስጠንቀቂያ መብራቶችን የሚያሳዩ ነበሩ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን እሱም መብራቱንና ክላክሱን እንጂ እስከ ቴስታታው ያለውን ሽቦ አይፈትሽም። አንዳንዱ ሰው ዳሽቦርዱ አጠገብ የመሞከሪያ ቁልፍ ያስገጥማል፤ እሱም ያው ነው። እውነተኛው ፈተና ሽቦው ከሚጀምርበት፣ ከሞተሩ በኩል የሚደረገው ነው።

ባለጀልባው፦ ይህንንስ ማን ያደርገዋል? ጠዋት ጠዋት ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ የሞተር ክዳን የሚያነሳ ነጂ የለም። አድርጉ ቢባል ሁለት ቀን ያደርጉና ይተዋሉ።

መካኒኩ፦ እውነት ነው። በየቀኑ የሚባል ትእዛዝ በወረቀት ላይ ይቀራል። የማርሹ ዘይት ሲቀየር፣ ካንዴላ ሲጸዳ፣ የፖምፓው ጎማ ሲለወጥ፣ ክዳኑ ለሌላ ሥራ በተነሳ ቁጥር ያቺን ሽቦ ብረት ማስነካት ግን ጊዜ አይወስድም። ለዚህ ሰው ለምነህ ማሠራት አያስፈልግህም።

ባለጀልባው፦ እሺ፣ ዛሬ ምን ልግዛ?

መካኒኩ፦ ዛሬ ክላክስ፣ ለመብራቱ አምፖል፣ ጥቂት ሜትር በቆርቆሮ የተለበጠ የመዳብ ሽቦና መሰኪያዎች። አምፖሉ ኤልኢዲ ከሆነ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን አትገልብጥ፤ ሲገለበጥ አይበራም፣ ያንንም ደህና ነው ብለህ ታልፈዋለህ። ማብሪያዋን ለክቼ ከሞተች አዲስ እንጨምራለን። ቮልቴጁን ለክተን የሬክቲፋየሩን ነገር እስክናውቅ ድረስ ዙር ቆጣሪ አትግዛ።

ባለጀልባው፦ አሁን ያለውስ እንዳለ ይቀመጥ?

መካኒኩ፦ አይቀመጥም፤ እነቅለዋለሁ። ቀዳዳውን በላስቲክ እንሸፍነዋለን። አዲስ ነጂ ብትቀጥር የተኛ መርፌ አይቶ ሞተሩ አልተነሳም ብሎ ቁልፉን ደግሞ እንዳያዞረው፣ የሚዘለውንም አይቶ ጋዝ እንዳይቀንስና እንዳይጨምር። የነዳጁንም ጌጅ የሚስማማው እስኪገኝ አንሳው። ዳሽቦርዱ ላይ አንድ መብራትና አንድ ክላክስ ብቻ ይቅሩ፤ ሁለቱንም አሁኑኑ ክዳኑን አንስተን እናስጮኻቸዋለን። ባትሪውን አገናኝልኝ።